በገዛ ቤቴ እንግዳ?

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ጋን የሌለው ይዋሳል፤ ያለው ደግሞ ከጓዳ ያወጣል። የአክስቴ ጋን የነበረው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ ተከራይቷል። ተከራዩ ከአሜሪካ የመጣ አስተማሪ ነው። መጀመሪያ ቤቱን ሊያይ የመጣ ቀን፣ ከአልጋው ራስጌ በማዳበሪያ የተሸፈነውን ነገር አይቶ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የጠላ ጋን መሆኑ ሲነገረው ወደደው። «እዚሁ ይቀመጥ» አለ። አፉ ላይ ጣውላ ጣል አድርጎ መጽሐፎቹን ደረደረበት።

አክስቴ የዚያ ቤት ትርፍ ቁልፍ አላት። መቀነቷ ጫፍ ላይ ነው የምትቋጥረው። ሰውየው ማስተማር ሲሄድ ከፍታ ገብታ ጋኗን ብታወጣ ማንም አይናገራትም። እሷ ግን ቅዳሜ ጠዋት እስኪነቃ ጠበቀች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔንና የጎረቤቱን ልጅ አስከትላ በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ቱሪዝም ይማራል፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይፈጥናል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ እሱ ነው። አክስቴ እህ እህ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ «ቤቶች!» አለች።

ሰውየው በሩን ከፈተ። ልጁ ነገሩን አስረዳ፤ እማማ ጋኑን ለመውሰድ መግባት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ አለ። ሰውየው ፊቱ በራ። ወደ ጎን ፈቀቅ አለና እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። «ኦፍ ኮርስ! ቢ ማይ ጌስት!»

ልጁ ቃል በቃል አቀበላት። «እንግዳዬ ይሁኑ ይሎታል።»

አክስቴ አንድ እግሯ ደፉ ላይ፣ አንድ እግሯ ግቢው ውስጥ እንዳለ ቆመች። «በገዛ ቤቴ?» አለች።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር ለማለት ይከብደኛል። ሳቅም አልነበረም። መሀል ላይ የሆነ ነገር ነው። ልጁ ይህን ይተርጉመው አይተርጉመው ጨነቀው፤ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ የበሩን ማጠፊያ አየሁ። ሰውየው ፈገግ እንዳለ ነው፤ እጁም እንደተዘረጋ ነው።

ከዚያ አክስቴ ገባች። ወደ ጋኑ ግን አልሄደችም። ወንበሩ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠችና «እሺ፤ እንግዳ ከሆንኩማ ቡናው የታለ?» አለች።

ሰውየው ሲተረጎምለት እስከ ጆሮው ቀላ። ግን አልተንተባተበም። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን ሰካ፣ የፈጣን ቡና ጠርሙሱን አወጣ፣ ያለውን አንድ ሲኒ ማጠብ ጀመረ። ውሃው ሺ ማለት ሲጀምር አክስቴ ወጉን ጀመረች። «ኧረ ተው ልጄ፣ አትቸገር። ጠጥቼ ነው የመጣሁት።» ልጁ ይህንንም ተረጎመ። ሰውየው «ኦ፣ ኦኬ» አለና ማንቆርቆሪያውን ነቀለው።

የአክስቴን ፊት ማየት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ «አልፈልግም» ስትል «በሞቴ» የሚል ሰው ሲመልስላት ኖራለች። እንደዚህ በመጀመሪያው ቃሏ አምኗት የሚተዋት ሰው ከየት ይምጣ? ልጁ ፈጠን ብሎ ወደ ሰውየው ጆሮ ጠጋ አለ። የሆነ ነገር ነገረው። ሰውየው ማንቆርቆሪያውን መልሶ ሰካና ወደ አክስቴ ዞሮ፣ ደረቱን ይዞ፣ «በሞቲ!» አለ። አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። ቡናውንም ጠጣች። ምን እንደሚመስል ስጠይቃት «የጨጓራ መድኃኒት» ነው ያለችው፤ ግን ሲኒውን ጨርሳ ነው የመለሰችው።

ጋኑ ወጣ። ተጠነሰሰ። ጥምቀትም አለፈ። እኔን ግን ያቺ «በገዛ ቤቴ?» አልለቀቀችኝም።

ቁልፍ እያለ ማንኳኳት

ነገሩን ቶሎ የሚዘጋ ሰው «ልጁ የተሳሳተ ትርጉም ሰጠ፣ አለቀ» ይላል። እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሐረጉ ማንንም እንግዳ አያደርግም። አንዱ «መስኮቱን ልክፈተው?» ሲል ሌላው «ቢ ማይ ጌስት» ካለ፣ «ምን ችግር አለው፣ ክፈተው» ማለቱ ነው። ወንበር መውሰድ፣ እስክሪብቶ መዋስ፣ በር ላይ ቀድሞ መግባት፣ ለሁሉም ያገለግላል። ሒሳብ እከፍላለሁ ማለት እንኳ አይደለም። ካፌ ውስጥ ከጎንህ ያለው ፈረንጅ ስኳሩን ስትጠይቀው እንዲህ ቢልህ፣ ማኪያቶህን ራስህ ነህ የምትከፍለው።

ይህ ሁሉ ልክ ነው። አክስቴ የያዘችው ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ውስጥ የተቀበረውን ባለቤት ነው ያየችው። ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ለአፍታም ቢሆን ባለቤት ይሆናል። ወንበሩ የካፌው ነው፤ ግን «ልውሰደው?» ብለህ ከጠየቅከኝ፣ እኔ «ውሰደው» እስክል ድረስ የእኔ ነው። እንግሊዝኛው ይህን አይደብቅም። «የእኔ እንግዳ ሁን» ብሎ በግልጽ ያስቀምጠዋል። አስተናጋጁ እኔ፣ መጪው አንተ።

እኛ ደግሞ ባለቤቱን መደበቅ እንወዳለን። በድሮው ወግ መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል የሚሰጠው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። መልሱን ልብ በሉት። «አዎ» አይልም፤ «ፈቅጃለሁ»ም አይልም። ባለቤቱ ራሱን ከመሀል ያወጣል። ፈቃድ ሰጪ ስለሌለ ፈቃድ ተቀባይም የለም፤ ስለዚህ እንግዳው አንገቱን ሳይደፋ ይገባል። ይህ ትልቅ ብልሃት ይመስለኛል። እርግጥ ማታ እግሩን ያጠቡትና ያበሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሁለቱም ወገን ያውቃል። ግን አይነገርም።

አክስቴም ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ያንኳኳችው ከዚያው ወግ ነው። ኪራይ ተቀብላለች፤ ቤቱ ለጊዜው የእሷ እንዳልሆነ ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ግን ያን የሚያውቁ ሰዎች ባያነሱት ይሻላል። እሷ «ቤቶች!» ትላለች፣ እሱ «ይግቡ» ይላል፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳይነሳ ጋኑ ይወጣል። እሱ ግን ባለማወቅ አነሳው። ይባስ ብሎ ልክ ነበር። በውሉ መሠረት በዚያች ደቂቃ እንግዳዋ እሷ ነበረች።

በነገራችን ላይ የሂልተን ሆቴሎች መሥራች ኮንራድ ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1957 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ርዕስ ያደረገው ይህንኑ ሐረግ ነው። ሆቴል ቤት ውስጥ እንግዳ ማለት የሚከፍለው ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን የከፈተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አክስቴ ግን ኪራይ የሚከፍላትን ሰው «ልጄ» ነው የምትለው፤ ለፋሲካም ዶሮ ወጥ ትልክለታለች። ደንበኛ ይሁን እንግዳ ይሁን ልጅ፣ ወስና አታውቅም። መወሰንም የምትፈልግ አይመስለኝም።

ሜይ አይ ካም ኢን

የእኛ ሰው ከእንግሊዝኛ ጋር የሚተዋወቀው ፈቃድ በመጠየቅ ነው። አንደኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። አርፍደህ በሩ ላይ ትቆምና «ሜይ አይ ካም ኢን ቲቸር?» ትላለህ። ሽንት ሲይዝህ «ሜይ አይ ጎ አውት?» ትላለህ። ትምህርቱ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቢሆን እንኳ ፈቃዱ በእንግሊዝኛ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

መልሱ ግን ቋንቋ አልነበረውም። መምህሩ በአገጩ ወንበርህን ያሳይሃል፣ ወይም በአለንጋው ጥግ ያሳይሃል። አንድም መምህር «ቢ ማይ ጌስት» ብሎን አያውቅም። ቢለን ኖሮ ክፍሉ ተያይቶ ይሳሳቅ ነበር። ስለዚህ መጠየቁን እናውቃለን፤ መስጠቱን ግን የተማርነው ከፊልም ነው፤ የተማርነው ካለን።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። «ሜይ»ን የተማረ ሰው ፈቃድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር አድርጎ ያስበዋል። ተማሪ ይጠይቃል፣ መምህር ይፈቅዳል። «ቢ ማይ ጌስት» ግን የእኩዮች ቃል ነው። ለጓደኛህ፣ ለሥራ ባልደረባህ፣ ለማታውቀው መንገደኛ ትለዋለህ። አለቃህ «ስብሰባውን ልጀምር?» ቢልህና እንዲህ ብትመልስለት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ቅንድቡን ያነሳል። ቀለል ያለ፣ ትንሽም ቀልድ ያለበት ነው። ይህን አክስቴን ለመሰለ ሰው ማለት፣ በሰውየው አገር እንኳ ነጠላዋን ሳያዩ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። እሱ ግን ክብር መስሎት ነው፤ እጁን የዘረጋበትን ሁኔታ ላየ ሰው ይህ ግልጽ ነበር።

እንብላ

የእኛም ቃል ከእነሱ ባልተናነሰ ሰው ያሳስታል። ያው አስተማሪ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጥበቃዎች በር ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። አንዱ እንደ ወጉ «እንብላ!» አለው። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ይባርክላችሁ» ብለህ ታልፋለህ። ሰውየው ቦርሳውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ቁጭ አለ።

ይህን የነገረኝ ከጥበቃዎቹ አንዱ ነው፤ ሲነግረኝ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ምን ከዚያስ አለው? በላ። እኔም አጎረስኩት» አለኝ። እንጀራው ለሦስት ሰው ነበር፤ ለአራት ሆነ። ማንም «ኧረ ለወጉ ነው ያልንህ» አላለውም።

ሁለቱን አጋጣሚዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚገርመኝ ይህ ነው። «እንብላ»ም «ቢ ማይ ጌስት»ም ከልብ ይሁኑ አይሁኑ የማይመረመሩ የአፍ ልማዶች ናቸው። አንድ ሰው ቃሉን እንዳለ ሲይዘው ግን ተናጋሪው ምርጫ ይገጥመዋል፤ ወይ «ለወጉ ነው» ብሎ ይሸሻል፣ ወይ ቃሉን ይከፍላል። ጥበቃዎቹ ከፈሉ። አስተማሪውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፈለ። ማንቆርቆሪያውን ሲሰካ አንድ ጊዜም አላመነታም።

ያው ቃል፣ ሌላ ፊት

ማንቆርቆሪያው ከጥምቀት በኋላ ተበላሸ። የጎረቤቱ ልጅ «አምጣው፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ሰውየው ገመዱ ውስጡ መቃጠሉን አሳየው፤ አዲስ እንደሚገዛም ነገረው። ልጁ ግን ቢላዋና ፕላስተር ይዞ መጥቷል። አንዴ ተከራከሩ፣ ደግመው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰውየው ማንቆርቆሪያውን አቀበለውና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ። ትከሻውን ሰበቀ። «ኦኬ። ቢ ማይ ጌስት።»

ልጁ ደስ አለው። ተፈቀደልኝ ብሎ ተቀመጠ። ቆራረጠ፣ ጠመጠመ፣ ሰካ። ቆጣሪው ጧ አለና ግቢው በሙሉ ጨለመ። ከዋናው ቤት የአክስቴ ድምፅ መጣ፦ «የአርባ አራቱ ታቦት ያለህ!» ቴሌቪዥን እያየች ነበር።

ሰውየው ምንም አላለም። ማለት የነበረበትን ቀድሞ ብሎታል። ያ ሁለተኛው «ቢ ማይ ጌስት» ፍጹም ሌላ ቃል ነው። ትርጉሙ «እንደፍጥርጥርህ» ነው። «ማን ያዘህ?» ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የምንለውን እነሱ በሦስት አጫጭር ቃላት ይጨርሱታል። ክልከላ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነው። ግን የገባው ሰው ለሚደርስበት ነገር አስተናጋጁ ኃላፊነት አይወስድም።

እንዴት ይለያል? ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው እጁ ላይ ነው። አንዴ ተዘርግቷል፣ አንዴ ኪስ ውስጥ ነው። አንዴ ድምፁ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል። ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ለምግብ ብቻ አይደለም። እኛም «እሺ» ስንል ስንት ዓይነት እሺ እንዳለን አስቡት። «እሺ ጌታዬ» አለ፤ «እሺ እሺ፣ በቃ» አለ፤ ሚስት ለባሏ ወደ ጓዳ እየሄደች የምትለው፣ መልስ የሌለው «እሺ» አለ። «እንደፈለግክ»ም እንዲሁ ነው። ስጦታ ሆኖ ይወጣል፤ ኩርፊያም ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ነው በጽሑፍ ሲመጣ የምፈራው። ቴሌግራም ላይ ፊት የለም። አንድ ወዳጄ ከውጭ ከሚያሠሩት ሰዎች ጋር በጽሑፍ ነው የሚነጋገረው። «ፋይሉን እኔ ላስተካክለው?» ብሎ ልኮ ይህች ቃል ብቻዋን፣ ያለ ምንም ፈገግታ ምልክት መጣችለት። ሰዓታት ሙሉ አፈጠጠባት። ተደስተዋል ወይስ ሰልችቷቸዋል? ለእኔም አሳየኝ። እኔም አፈጠጥኩ። ነጥብ ነበራት መጨረሻ ላይ። ከነጥቡ ሌላ የምናነበው አላገኘንም።

የማይፈቀድ ሲሆን

የጎረቤቱ ልጅ አሁን አስጎብኚ ለመሆን እየተለማመደ ነው። አንዳንድ ቀን አብሬው እወጣለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ጫማ እያወለቁ ያሉ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ? ልጁ ያቺን የሚወዳትን ሐረግ ሊላቸው ከንፈሩ ላይ ትደርሳለች። አይበል ብዬዋለሁ። ሐረጉ ስህተት ሆኖ አይደለም። ግን የማን እንግዳ ናቸው? ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት የእሱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1888ቱ የድርቡሽ ቃጠሎ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን በንብ ነው የዳነው ይባላል፤ ከንቡ የቀረው የካህናቱ ነው። እነሱን ይጠይቅ፤ ፍላሽ አጥፉ ካሉ ይበል፣ አቁሙ ካሉም ይበል።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። ግንቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው፤ የሁሉም ሰው ናቸው እንደ ማለት ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ላይ ደግሞ ሁሉም ለመውጣት ይከጅላል። ባለፈው አንድ ረጅም ጎብኚ የፈረሰ ግድግዳ አይቶ «እዚያ ላይ ብወጣ ችግር አለው?» አለ። ልጁ አላበው። በኋላ ሲያወራኝ «መጠየቅ አስተማሩን፣ መፍቀድም ከፊልም ለመድን፤ በጨዋ እንግሊዝኛ እምቢ ማለትን ማን አስተማረን?» አለኝ።

እንደምንም «ሶሪ፣ አይቻልም» አለ፤ ግማሹ አማርኛ ነው። አሁን ሰውየው ይለምነኛል ብሎ ለሁለተኛው እምቢታ ጉሮሮውን አዘጋጀ። ጎብኚው «ኖ ፕሮብለም» ብሎ ወደ ፈረስ ቤቱ አለፈ። ልጁ የተዘጋጀው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ።

እኛ ብንሆን ሌላ ጥበቃ እንፈልግ ነበር። ከተቻለም የአክስታችንን ልጅ።